ሰዎችን በመጥፎ ስም መጥራት የተከለከለ ስለ መሆኑ

በርኅሩኁና በአዛኙ በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና የሰውን ልጅ ከአንድ አባትና ከአንዲት እናት ለፈጠረ፣ አደምንም የነገሮችን ስም ላስተማረ ጌታ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፤ የአላህ ባሮች ሆይ! የዛሬው ትምህርታችን በአንደበት ስለሚሠራ አንድ ኃጢአት ነው። ከመጠጥና ከወለድ የሚጠነቀቅ ሰው እንኳ ሳያስተውለው ይወድቅበታል። ይኸውም አንድ ሰው ስለ ሃይማኖቱ ወይም ስለ አገሩ አስተዳደር አንድ ነገር ሲናገር፣ የተናገረው እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብሎ በመመርመር ፈንታ፣ «እሱ ወሃቢ ነው»፣ «እሱ አህባሽ ነው»፣ «እሱ አክራሪ ነው»፣ «እሱ አድኃሪ ነው» ብሎ ነገሩን መዝጋት ነው። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲና በደምቢ ዶሎ የምንኖር ሙስሊሞች ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር በአንድ ገበያ የምንውል ነንና ይህ ትምህርት በብርቱ ያስፈልገናል። በመስጊድ ደጃፍ የተወረወረ ስም በማግስቱ ገበያ ይደርሳል፤ ከገበያም ወደ መንግሥት ቢሮ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የወረወረው ሰው እንኳ መልሶ ሊሰበስበው አይችልም።

1ኛ፤ አንቀጹና የወረደበት ምክንያት

በሱረቱል ሑጁራት በ11ኛው አንቀጽ አላህ ምእመናንን ሦስት ነገር ይከለክላቸዋል፤ አንዱ ወገን በሌላው ወገን እንዳይሣለቅ፣ አንዱ ሌላውን እንዳያነውር፣ እርስ በርሳቸውም በመጥፎ ቅጽል ስም እንዳይጠራሩ። ከዚህ ሥራ ያልተመለሰውንም ከበዳዮች ይቈጥረዋል። በዓረብኛ ቅጽል ስም «ለቀብ» ሲባል፣ በክፉ ቅጽል ስም መጠራራት «ተናቡዝ» ይባላል። ይህ ቃል በሰዋስዉ የሁለት ወገን ሥራን የሚያመለክት ነው። አንዱ ስም ሲያወጣ ሌላው ዝም አይልምና፤ እሱም የባሰውን ፈልጎ ይመልሳል፤ እንዲህም እየሆነ ስድቡ እንደ ዕዳ ወለድ እየተደራረበ ይሄዳል።

አቡ ዳውድና ቲርሚዚ እንደ ዘገቡት አንቀጹ የወረደው በኑ ሰሊማ ስለሚባሉት የመዲና ሰዎች ነው። ነቢያችን ወደ መዲና በመጡ ጊዜ ከእነዚህ ሰዎች መካከል ሁለት ወይም ሦስት ስም የሌለው ሰው አልነበረም። ነቢዩ አንዱን ከስሞቹ በአንዱ ሲጠሩት፣ ሰውየው ይህን ስም እንደማይወደው ነገሩአቸው። አንቀጹም በዚህ ምክንያት ወረደ። እንግዲህ መመዘኛው ስሙን ያወጣው ሰው ሐሳብ ሳይሆን፣ ስሙ የወጣለት ሰው ስሜት ነው። «ምን ክፋት አለው? ሁሉም እንዲህ ይለዋል» ማለት ምክንያት አይሆንም፤ በበኑ ሰሊማም ዘንድ ሁሉም እንዲያ ይሉ ነበርና።

ሊቃውንት ግን ሰውን ከሰው ለመለየት ብቻ የሚነገረውን ስም ከዚህ ለይተዋል። ከታላላቆቹ የሐዲስ ዘጋቢዎች አንዱ ሱለይማን ኢብን ሚህራን ዓይናቸው ደካማ ስለ ነበረ «አል-አዕመሽ» ይባላሉ፤ ዐብዱረሕማን ኢብን ሁርሙዝም ስለሚያነክሱ «አል-አዕረጅ» ይባላሉ። መጻሕፍት በእነዚህ ስሞች የተመሉ ሲሆኑ ማንም እነሱን ለመናቅ አላለም። ስለዚህ የተከለከለው መለያ ስም አይደለም፤ የተከለከለው ማዋረጃ ስም ነው።

2ኛ፤ መልካም ስምም ወደ ክፉ ሊለወጥ እንደሚችል

አንድ ሰው «እኔ የማወጣው ስም ስድብ አይደለም፤ ራሳቸው የሚኰሩበት ስም ነው» ይል ይሆናል። ለዚህ መልሱ ቡኻሪና ሙስሊም ከጃቢር በዘገቡት ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በአንድ ዘመቻ ላይ ከሙሃጂሮች አንዱ አንድ አንሷር በእግሩ መታ። የተመታው አንሷሮችን ድረሱልኝ ብሎ ጮኸ፤ የመታውም ሙሃጂሮችን ተጣራ። ነቢዩ ይህን በሰሙ ጊዜ፣ ይህ የጃሂሊያ ዘመን ጥሪ ምን ሊያደርግ መጣ ብለው ተቈጡ፤ ጥሪው የሸተተ ነገር ነውና እንዲተዉት አዘዙ።

አስተውሉ! «ሙሃጂር» እና «አንሷር» የሚሉት ስሞች አላህ በመጽሐፉ ያመሰገናቸው ስሞች ናቸው። ነገር ግን እነዚያ ስሞች እውነትን ለመለየት ሳይሆን ወገንን ለመጥራት በተነሡ ጊዜ ከጃሂሊያ ሥራ ተቈጠሩ። «ሱፊ» የሚለው ስም ልብን ስለ ማጥራት የሚናገር ነው፤ «ሰለፊ» የሚለውም የቀደሙትን ደጋግ ሰዎች ስለ መከተል የሚናገር ነው። ሁለቱም በትርጉማቸው መልካም ናቸው። ነገር ግን አንዱ «ሱፊ ነው» ሲል «ሙሽሪክ ነው» ማለቱ ከሆነ፣ ሌላውም «ሰለፊ ነው» ሲል «ነቢዩን አይወድም» ማለቱ ከሆነ፣ ያማረው ስም የድረሱልኝ ጩኸት ሆኗል።

3ኛ፤ በአገራችን ስለ ታወቁት ሁለት ስሞች

«ወሃቢ» የሚለው ስም የመጣው በነጅድ ከተነሡትና በ1206 ዓመተ ሂጅራ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1792 ከሞቱት ከሼኽ ሙሐመድ ኢብን ዐብዱልወሃብ የአባት ስም ነው። ስሙን ያወጡላቸው ተቃዋሚዎቻቸው ናቸው እንጂ ተከታዮቻቸው ለራሳቸው አልመረጡትም። «አል-ወሃብ» ከአላህ መልካም ስሞች አንዱ ሲሆን «ለጋሹ ሰጪ» ማለት ነው። ሰው ከጌታው ስም የተገኘውን ቃል ስድብ አድርጎ ሲናገረው ምን እንደሚል አያስተውልም።

«አህባሽ» የሚለውም ስም ታሪኩ የሚያስገርም ነው። ሼኽ ዐብደላህ አል-ሐረሪ የአገራችን የሐረር ሰው ናቸው። በሐረር የሃይማኖት ክርክር ከበረታ በኋላ አገራቸውን ለቀው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1950 ግድም ቤይሩት ገቡ፤ በዚያም እስከ ሞቱበት እስከ 2008 ድረስ አስተማሩ። በሊባኖስ ተከታዮቻቸው «አህባሽ» ተባሉ፤ ትርጉሙም «ሐበሾች» ማለት ነው። እነሱ ማኅበራቸውን በሌላ ስም ይጠሩታል። እንግዲህ በቤይሩት «ከሐበሻ የመጣ» ማለት የነበረው ስም፣ ወደ ሐበሻ አገር በተመለሰ ጊዜ «ከውጭ የመጣ» ማለት ሆነ። ወሃቢ የተባለው ከዓረብ አገር የመጣ ነው ተባለ፤ አህባሽ የተባለውም ከሊባኖስ የመጣ ነው ተባለ፤ ሁለቱም ግን የአንድ አገር ልጆች፣ ብዙ ጊዜም የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ።

ይህ ክርክር በቃል ብቻ አልቀረም። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ ከሊባኖስ የመጡ የማኅበሩ መምህራን በመንግሥትና በጊዜው በነበረው መጅሊስ ድጋፍ በአገራችን ሥልጠና ጀመሩ። በ2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአወልያ ተቃውሞ ተነሣ፤ ሕዝቡም 17 አባላት ያሉት ኮሚቴ መረጠ። ጥያቄው ሥልጠናው በግዴታ እንዳይጫን፣ መጅሊሱ በሕዝብ ምርጫ እንዲቋቋም፣ አወልያም ራሱን በቻለ ቦርድ እንዲተዳደር የሚል ነበር። እነዚህ ሦስቱ ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው ወይስ አይደሉም ተብሎ ሊመረመሩ የሚችሉ ነበሩ። ነገር ግን ከጥያቄው በፊት ስሙ ደረሰ፤ «አክራሪ» ተባሉ፤ ቀጥሎም «አሸባሪ» ተባሉ። የኮሚቴው አባላት በሐምሌ ወር 2004 ዓ.ም. ታሰሩ። በ2007 ዓ.ም. በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 መሠረት እነሱና ከእነሱ ጋር የተከሰሱት ከ7 እስከ 22 ዓመት እሥራት ተፈረደባቸው፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ተለቀቁ።

በሌላውም ወገን ሚዛኑ የቀና አልነበረም። ወደ ሥልጠናው ተጠርቶ የሄደ ኢማም ሁሉ፣ ወዶ ይሂድ ተገድዶ ሳይጠየቅ፣ «አህባሽ» ተባለ። ከኋላው አልሰግድም ያለ ሰው በረከተ። ሕፃናትን ፊደል ያስቈጠረ አዛውንት መምህር በአንድ ቃል ከጀማዓው ተለየ። አንዱ ስም ሰውን ወደ እሥር ቤት ወሰደ፤ ሌላው ስም ሰውን ከመስጊድ አስወጣ።

በሚያዝያ ወር 2011 ዓ.ም. የሁለቱም ወገን ዑለማዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው በአንድነት ለመሥራት ተስማሙ። በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1207 የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በሕግ የታወቀ ድርጅት ሆነ። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን በወረቀት ላይ የተፈረመው ስምምነት በየቤታችን ያለውን አንደበት አያርመውም፤ ያ የእያንዳንዳችን ፋንታ ነው።

4ኛ፤ በሁለት መስፈሪያ ስለ መስፈር

ነጋዴዎች ሆይ! በሱረቱል ሙጠፊፊን አላህ የሚያስጠነቅቃቸውን ሰዎች ታውቃላችሁ፤ ለራሳቸው ሲቀበሉ አሙልተው ይሰፍራሉ፤ ለሌላው ሲሰጡ ያጐድላሉ። ይህ ኃጢአት በእህልና በቡና ብቻ የሚሠራ አይደለም። የራሱን ወገን በደጋጎቹ ሰዎች፣ የሌላውን ወገን ግን በክፉዎቹ ሰዎች የሚመዝን ሰው፣ እሱም በሁለት መስፈሪያ የሚሰፍር ነው። ከመካከላችሁ ቡና የሚገዛ ሰው ጆንያው ላይ የተጻፈውን አንብቦ ብቻ ገንዘብ አይከፍልም፤ እጁን ከትቶ ዘግኖ ያያል፣ ያሸታል፣ እርጥበቱን ይመረምራል። ለአንድ ኩንታል ቡና ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው፣ የወንድሙን ሃይማኖት በጀርባው ላይ በተለጠፈው ቃል ብቻ እንዴት ይፈርዳል?

መጥፎ ስም ምን ያህል እንደሚከብድ እኛ ራሳችን ቀምሰነዋል። በብዙ የአገራችን ክፍል የአባቶቻችን ስም «ነጋዴ» ነበር። ሥራው የተከበረ ነው፤ ከስሙ በስተኋላ ግን «መሬት የሌለው እንግዳ» የሚል ትርጉም ይከተል ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ታላቅ ሰልፍ ባደረጉ ጊዜ፣ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንዲባሉ ነበር። የቃሉ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ ተከራይ ሲያደርግ ሌላው ባለ ቤት ያደርጋል። በዚያ ቀን ብዙ ክርስቲያን ወንድሞችም አብረው እንደ ተሰለፉ መርሳት አይገባም።

እኛስ ለጎረቤቶቻችን በምን መስፈሪያ ሰፈርን? በወለጋ ከተሞች ብዙ ወንጌላውያን ክርስቲያኖች አሉ። «ጴንጤ» የሚለው ስም ከጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ ተወስዶ፣ ወገኑ ሌላ የሆነውንም ሁሉ መዝለፊያ ሆነ። በደርግ ዘመን ይህ ስምና «አድኃሪ» የሚለው ስም አብረው ሄዱ። «አድኃሪ» ማለት ሰውን ወደ ኋላ የሚጐትት ማለት ነው፤ የአባቶቹን ሃይማኖትና ወግ ልጠብቅ ያለ ሁሉ፣ ሼኽም ይሁን ቄስ፣ በዚህ ቃል አፉ ይዘጋ ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ «ፀረ አብዮት» የሚለው ስም ብቻ ለሞት ይበቃ ነበር። በወለጋ ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። በቦጂ የተወለዱት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ። ከሃይማኖታቸው ጋር አንስማማም፤ የተፈጸመባቸው ግን በደል መሆኑን እንመሰክራለን። አላህ በሱረቱል ማኢዳ በ8ኛው አንቀጽ ሰዎችን መጥላታችን ፍትሕን እንድንተው እንዳያደርገን አዝዞናልና።

5ኛ፤ ስም ወደ ደም እንደሚያደርስ

ከስሞች ሁሉ የሚከብደው «ካፊር» የሚለው ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ከኢብን ዑመር እንደ ዘገቡት፣ አንድ ሰው ወንድሙን በዚህ ስም ቢጠራው ስሙ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ያርፋል፤ የተባለው እንዲያ ካልሆነ ወደ ተናጋሪው ይመለሳል። ኡሳማ ኢብን ዘይድም በጦር ሜዳ ላይ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ያለውን ሰው፣ ከፍርሃት የተነሣ ነው ብለው በገደሉት ጊዜ፣ ነቢዩ የሰውየውን ልብ ሰንጥቀው አይተው እንደ ሆነ ጠየቁአቸው፤ ጥያቄውንም ደጋገሙባቸው፤ ኡሳማም ከዚያ ቀን በፊት ባልሰለምኩ እስኪሉ ድረስ ተጸጸቱ። የነቢዩ ተወዳጅ የሆኑት ኡሳማ የሰው ልብ ውስጥ ያለውን ለመፍረድ ካልተፈቀደላቸው፣ ለእኛ ከየት ይፈቀድልናል?

ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን። በሰኔ ወር 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ በጊምቢ ወረዳ በቶሌ በመቶ የሚቈጠሩ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ከሞቱት ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት፣ ብዙዎቹም ሙስሊሞች ነበሩ። ሕፃን ልጅ የፖለቲካ ሐሳብ የለውም፤ የተሰጠው ስም ብቻ አለው። ሰው በሥራው መጠየቁ ቀርቶ በስሙ መጠየቅ በጀመረበት አገር ማንም በቤቱ ተማምኖ አያድርም፤ ዛሬ ስም አውጪ የሆነውም ነገ ስም ይወጣለታል።

6ኛ፤ «ታዲያ ስሕተትን ዝም እንበል ወይ?» ለሚል ጥያቄ መልስ

በትክክል ልንመልሰው የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው። ሃይማኖትን መጠበቅ ግዴታ ነው፤ ስሕተትን ስሕተት ማለትም የዑለማ ሥራ ነው። የዐሊይ ኢብን አቢ ጣሊብ ሥራ ግን መንገዱን ያሳየናል። ኸዋሪጆች የሙስሊሞችን ደም ባፈሰሱ ጊዜ ዐሊይ በ38 ዓመተ ሂጅራ በነህረዋን ወጉአቸው። ስለ እነሱ ሙሽሪኮች ናቸው ወይ ተብለው ሲጠየቁ ከሽርክ የሸሹ እንደ ሆኑ መለሱ፤ ሙናፊቆች ናቸው ወይ ሲባሉም ሙናፊቅ አላህን የሚያወሳው በጥቂቱ ብቻ እንደ ሆነ አስታወሱ፤ በመጨረሻም በእኛ ላይ ያመፁ ወንድሞቻችን ናቸው አሉ። ዐሊይ ለጥፋት አልራሩም፤ ነገር ግን ሰይፍ በእጃቸው ሳለ እንኳ ከእውነት የሚበልጥ ስም አላወጡም።

በዘመናችንም በ2003 ዓ.ም. በጅማ ዞን በአሰንዳቦና በአካባቢዋ አብያተ ክርስቲያናት በተቃጠሉ ጊዜ፣ የመንግሥት ባለ ሥልጣኖች ድርጊቱን «ከዋርጃ» በሚባል ቡድን ላይ አደረጉ፤ ስሙም ከነዚያው ከኸዋሪጆች የተወሰደ ነው። የአምልኮ ቤት ማቃጠል ወንጀልም ኃጢአትም ነው፤ ያቃጠለው ሰው ተይዞ በምስክር ተፈርዶበት ሊቀጣ ይገባል። ነገር ግን ስሙ ካቃጠለው ሰው አልፎ ሱሪውን ያሳጠረውን ወይም ጢሙን ያስረዘመውን ሁሉ የሸፈነ እንደ ሆነ፣ ንጹሑ ይበደላል፤ ወንጀለኛውም በንጹሓን ብዛት ውስጥ ይሰወራል። ድርጊትን በስሙ መጥራት ፍትሕ ነው፤ ሰውን በማይሆን ስም መጥራት ግን በደል ነው።

7ኛ፤ በሱቅ፣ በቤትና በመስጊድ ሊደረግ የሚገባው

አንደኛ፤ «የማን ወገን ነው?» ከማለት በፊት «ምን አለ? ማስረጃውስ ምንድን ነው?» በል። መውሊድ ማክበር አይገባም ያለህን ሰው ማስረጃውን ጠይቀው፤ መውሊድን የሚያከብረውንም እንዲሁ ጠይቀው። ከሁለቱ የአንዱን ቃል ሳትቀበል ልትቀር ትችላለህ፤ ሰውየውን ግን በስም አትቅበረው።

ሁለተኛ፤ በተፎካካሪህ ላይ የሃይማኖት ስም አታውጣ። ደንበኛ ለመንጠቅ ወይም ዱቤ ለማስከልከል «እሱ እንዲህ ያለ ሰው ነው» ብሎ ማንሾካሾክ በሚዛን ላይ ድንጋይ ከመጨመር አይለይም፤ እንዲያውም ይብሳል፤ የጐደለ ሚዛን በእህል ይሞላል፤ የጐደለ ስም ግን በምን ይሞላል? ይህንኑ ስም ወደ ቢሮ ወስዶ በወንድሙ ላይ የሚያስመዘግብ ሰው ደግሞ የሚከተለው እሥርና ድብደባ ሁሉ ድርሻ አለው።

ሦስተኛ፤ በማዕድ ዙሪያ የምትናገሩትን ልጆቻችሁ ይሰማሉ። ሕፃኑ የፋቲሓን ትርጉም ሳያውቅ የጎረቤቱን መጥፎ ስም ካወቀ፣ ትምህርቱን ያገኘው ከቁርኣን ቤት ሳይሆን ከእናትና ከአባቱ ነው።

አራተኛ፤ ስም ያጠፋህ እንደ ሆነ ንስሓህ በልብህ ብቻ አያበቃም። የሰው ገንዘብ የበላ እንደሚመልስ፣ ስምም ይመለሳል፤ በተናገርህበት ገበያና በሰሙህ ሰዎች ፊት ቃልህን አርም።

ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን ባልደረቦቻቸውን ከሳሪ ማን እንደ ሆነ ጠየቁአቸው። እነሱም ገንዘብና ዕቃ የሌለው ነው አሉ። ነቢዩ ግን እውነተኛው ከሳሪ በትንሣኤ ቀን ሶላቱን፣ ጾሙንና ዘካውን ይዞ የሚመጣ፣ ነገር ግን ያንን የሰደበ፣ የዚያን ስም ያጐደፈ፣ የሌላውን ገንዘብ የበላ፣ የሌላውን ደም ያፈሰሰና የሌላውን ገላ የመታ መሆኑን አስረዱአቸው። ከመልካም ሥራው እየተነሣ ለባለ ዕዳዎቹ ይከፈላል፤ መልካም ሥራው ሲያልቅ ከኃጢአታቸው እየተወሰደ በእሱ ላይ ይጫናል። ነጋዴ ሆይ! በዓመቱ መጨረሻ መዝገብህን ስትዘጋ፣ ማን ዕዳ እንዳለበት ብቻ ሳይሆን ለማን ስም ባለ ዕዳ እንደ ሆንህ ተመልከት፤ ያ ዕዳ እዚህ ሳለህ በአንድ የይቅርታ ቃል ይከፈላል፤ እዚያ ግን በሶላትህ ይከፈላል።

ጌታችን ሆይ! አንደበታችንን ከመጥፎ ስም ጠብቅ። የበደልናቸውን ሰዎች ይቅርታ እንድንጠይቅ ድፍረት ስጠን፤ የበደሉንንም ይቅር እንድንል ልባችንን አስፋው። በወለጋና በአገራችን ሁሉ በስም ምክንያት ለፈሰሰው ደም ፍትሕን፣ ለተረፉት መጽናናትን ስጥ። አሚን።